ሁለት መዳፍ ቀለም

ሆጤሶ ቀቢው መጣ፣ ስቱኮውን ዳሰሰ፣
ሁለት መዳፍ ቀለም ከራስጌያችን በላይ ለቅልቆ ተመለሰ።
«እስከ እሑድ ምረጡ፤ ሰኞ ሌላ ቤት አለኝ፣
ጋሎን የምገዛው አንድ ቃል ሲደርሰኝ።»

ግራዋ ክሬም ናት፤ ወተት ላይ የረጋ ስልባቦት።
ቀኟ ውሃ አረንጓዴ፤
ቄጠማ ሥር ያደረች የሐይቅ ጥግ፣ ንፋስ ያልነካት።

እኔ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ፓርኩ ውስጥ፣ ማሽን ፊት፣
የሰው ሸሚዝ አንገትጌ ስሰፋ ይነጋልኛል፤
ቤቴን የማውቀው በቀን ነው፣
ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ የዓይኔን ቆብ ስትቆነጥጥ።
በዚያን ሰዓት ክሬሟ ትጮኻለች፣
እንደ ጎረቤት ራዲዮ።
አረንጓዴዋ ግን፣ ዛፍ በሌለው ግቢያችን፣
ትንሽ ጥላ ታበድረኛለች።

ሌዳሞ ባጃጁን ሲያከንፍ ይውላል፣ ከአቶቴ እስከ ሞኖፖል፤
ቤቱን የሚያውቀው በማታ ነው፣ በአንድ አምፖል።
በዚያ መብራት አረንጓዴዋ
የጤና ጣቢያ ኮሪደር ትሆንበታለች፤
ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቅ ይመስለዋል።
ክሬሟ ስትሆን ግን፣ ይላል፣
ጓዳ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስላል።

ስለማንገናኝ በእርሳስ ተሟገትን፣ ከቀለሞቹ ሥር።
«አረንጓዴዋ» ብዬ ወጣሁ።
«በማታ እያት» ብሎ ጠበቀኝ።
«አንተ በቀን እያት።»
«ቀን የት አለኝ?»
«ድንች ገዝቻለሁ፣ ከአልጋው ሥር ነው።»
«ትራሱ ላይ ጸጉርሽ ነበር። አላራገፍኩትም።»
ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን
ስለ ቀለም የጻፈ የለም።

እሑድ ለሱ ገበያ ነው፤ ለኔም ትርፍ ሰዓት።
ይቺ እሑድ ግን ፓርኩ ዝግ ሆነ፣
የባጃጁም ጎማ ተንፍሶ አደረ፤
ማን እንዳስተነፈሰው አልጠየቅሁት።
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፣ እንደ ሁለት ዳኛ፣
ግድግዳው ተከሳሽ፣ ሆጤሶ መልእክተኛ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑን ጨፈነ፦
«እውነትሽን ነው፣ ትጮኻለች።»
እኔም መብራቱን አብርቼ፣ መጋረጃውን ዘግቼ አየሁለት፤
እውነትም ኮሪደር ናት።
ተረታታን፤ እና ባሰብን።
አሁን እኔ ለክሬሟ ስከራከር፣ እሱ ለአረንጓዴዋ።

ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ዝቅ አለች።
አሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን
ግራና ቀኟ ተቀላቀሉ፣
የሱቁ ደብተር ላይ ቁጥር የሌለው
አንድ ቀለም ሆኑ።
የቱ የማን እንደነበር ጠፋኝ። እሱም ጠፋው።

በየቀኑ በዚህ ሰዓት እኔ ሰርቪስ ጠባቂ፣
እሱ መናኸሪያ ላይ ሰው ጫኝ።
ለካ ቤታችን በየምሽቱ እንዲህ ያምር ኖሯል፤
በሩ ተቆልፎ፣
ውስጡ ሰው ሳይኖር።

ስልክ ጮኸ። «እህስ፣ የቷ ሆነች?»
ሌዳሞ ስልኩን ለኔ አቀበለ፤ እኔ መልሼ ለሱ።
«ሆጤሶ፣» አለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣
«ነገ ኮርኒሱን ጀምር።
ኮርኒሱ ነጭ ነው፤
በነጭ አንጣላም።»