የድንጋይ ሰሜን

መስቀል ካለፈ ወዲያ፣ አንገረብ ሲጠራ፣
ስመኝ ከገደሉ ሥር ዋለች ስትሠራ፤
በአንገቷ ኮምፓስ፣ በእጇ መሰርሰሪያ፣
እኔ፣ ጠራቢው እንየው፣ ውሃ ማርከፍከፊያ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ የፈለጥኩኝ፣
ለቀን አበል ብዬ ጀሪካን ተሸከምኩኝ።

ጣት የሚያህል ናሙና ከዓለቱ ሳይነቀል፣
ቀስት ትስልበታለች፣ "ወዴት ነበር?" ስትል።
"ከቦታው ከወጣ በኋላ አይናገርም፤
የዞረበትን ሳንጽፍ አንሰብረውም።"

"ወዴት ይዞራል?" አልኳት፤ ድንጋይ ምን ፊት አለው?
"እሳት ሆኖ ሲፈስ" አለች፣ "ሰሜንን ነው ያየው።
ውስጡ ያለው ብረት፣ ጥቁር ቅንጣቱ፣
ሲበርድ ደርቆ ቀረ፣ እንደዞረ ፊቱ።
ከላይ ያለው ንጣፍ ኮምፓሴን ይመስላል፤
ታችኛው ግን ዞሮ፣ ደቡብን 'ሰሜን' ይላል።"

"ዋሸ ማለት ነዋ!"
"አልዋሸም" አለችኝ፤
መርፌዋን መታ መታ አድርጋ አሳየችኝ፦
"ይህችም የምታውቀው የዛሬን ነው፣ የዛሬን፤
ምድር ፊቷን ስታዞር አላየችም ያኔን።"

ዝም አልኩ። ውሃ አፈሰስኩ።

ማታ ፒያሳ ስወጣ፣ ግንቡን ዞሬ ሳልፍ፣
በጨረቃ ቆሜ አየሁት፣ ድርብርብ እንደ መጽሐፍ፤
የስንቱ ጠራቢ እጅ ስንቱን አገላብጦት፣
ሰሜኑን ወደ ሰማይ፣ ወደ መሬት ደፍቶት፣
አንዱ ወደ ቀሃ፣ አንዱ ወደ ቅዳሜ ገበያ፣
ሁሉም በየፊቱ፣ ያለ አንድ መስማሚያ፤
ኖራው ብቻ ይዟቸው ግድግዳ ሆነዋል።
እኔም ስንቱን አዞርኩ፤ ማን ፊቱን ጠይቋል?

አዘዞ የሚኖረው ወንድሜ ማንደፍሮ፣
ሰባት ዓመት ሆነው ካኮረፈኝ ዘንድሮ።
በአባታችን ተዝካር በሰው ፊት ተነስቼ፣
"እንደሱ ሩኅሩኅ የለም" አልኩኝ አንብቼ።
እሱ ሳቀ። ሸሚዙን ከጀርባው ገለጠ፤
የአለንጋው ሰንበር ከእንግዳ ፊት ፈጠጠ።
"ውሸታም" ተባባልን። ድንኳን ሙሉ ሰማ።
እኔንስ እንኮኮ ይለኝ ነበር፣ እሱማ።

ከእሱ ልደት እስከ እኔ አሥራ አንድ ክረምት አለ፤
በመሃሉ የአባባ ፊት ሲዞር ማን አስተዋለ?
እሱ ያኔ ረጋ፤ እኔ ኋላ ረጋሁ፤
ያየሁትን ይዤ ያየውን ወጋሁ።

ከመሮ ሳጥኔ ውስጥ አንድ ማግኔት አለኝ፣
ከተሰበረ ራዲዮ ማንደፍሮ ያወጣልኝ፤
ቀሃ አሸዋ ላይ በክር እየጎተትን፣
ጥቁር ጺም ሲያበቅል በሳቅ የፈረስን።
መንታው እዚያ ማዶ፣ እሱ ዘንድ ነው የቀረ፤
ፊት ለፊት ሲጋጠሙ አንዱ አንዱን አባረረ፣
ከሁለት አንዳቸው ዞር ካላሉ በቀር።

ዛሬ ለስመኝ "አልመጣም" አልኳት።
ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ፣
ምን እንደምለው ሳላውቅ በቅጡ።
"ወዴት ነህ፣ ጋሼ?" አለኝ ልጁ።
አዘዞ ደቡብ ነው።
"ወደ ሰሜን" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።