የተጋደመችው ኤኔ

ከታችኛው መሳቢያ፣ ከሁሉም ተለይቶ፣
ይኖራል ወፍራሙ፣ ሆዱን አሳብጦ፣ እግሩን አንሰራፍቶ።
ግንዱ በርሜል ያህል፣ ወገቡ ክር ያህል፣
በሆዱ ላይ ሐረግ፣ ከሐረጉ ዘለላ፣ ከዘለላው ቅጠል።
ጫማም አለው ደግሞ፣ አፍንጫው ሽቅብ የተቀለበሰ፤
ማንም ሰርግ ሳይጠራው እንዲሁ የለበሰ።

«ይህ አይነበብም፣ ይጮኻል» ይላል ማስትሮ ኮራዲኖ፤
«አንድ ቃል ገጽ ይሞላል፣ ተኮፍሶ፣ ገንኖ።
የሰርከስ ነው፣ የአንበሳ፣ የአስማተኛ፣
የሐብሐብ ገበያ፣ የቡጢ፣ የገመድ ተራማጅ፣ የዘፋኝ ቀበጠኛ።
ለደብዳቤ አይሆንም፤ አራተኛው ቃል ላይ ዓይን ይደክማል፤
እሱ ጨው ነው። ጨውን ብቻውን ማን ይበላል?»

የመርዶ ፊደል ሌላ ነው፤ ቀጭን፣ አንገት ደፊ፣ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ።
ሞልፌታ ዓሣ ሊገዛ ሲወጣ በየግድግዳው ሙታኑን ያነባል፤
ኮፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ያልፋል።

ማክሰኞ ጧት ፊሎሜና ገባች፤ ጃንጥላዋ ያንጠባጥባል፤
«ላዛሮ» አለች። ሌላ አላለችም። ማስትሮው ገብቶታል።
ቀጭኑን ሳጥን ሳበ። «እሱን አይደለም» አለች፤
በእርጥብ ጣቷ ታችኛውን መሳቢያ አሳየች።

«ሴትዮ፣ ይህ ይስቃል! ሰው ምን ይለናል?»
«አርባ ዓመት መረብ ሲጠግን አቀርቅሮ ኖሯል፤
የገዛ ቤቱን በር ሲያንኳኳ ይቅርታ እየጠየቀ፣
ስምህ ማነው ሲሉት ድምፁ እየደቀቀ።
አንድ ቀን ግድግዳው ይጩህለት።»

ፊደል ለቃሚው እኔ ነኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ለቀምኩ፤
ኤል፣ አ፣ ዜታ፤ እዚያ ላይ ቆምኩ።
ዛው ይጠብቃል፣ ሲጻፍ ሁለት ዜታ ይሻል፤ ያለችው አንዲት ብቻ።
«ሌላዋን በጦርነቱ ክረምት በልቷታል ምድጃ»
ይላል ማስትሮው። እውነት ይሁን፣ እንጃ።

ኤኔን አነሣሁና በጎኗ አስተኛኋት፤
ቀጫጭን ቋሚዎቿ ጣሪያና ወለል ሆኑ፣ ወፍራሙ ሰያፍ እንዳለ ሆነላት፤
ዜታ ሆነች። ጥፍሮቿ ብቻ ዞረዋል፣ ወዳልለመዱበት።
ማስትሮው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አያት፣ አያት። «ማንም አያውቅባትም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቀለም አበዛሁ፤ እንጨቱ ከፋሲካው ሰርከስ ወዲህ ጠምቶታል።
የመጀመሪያው ወረቀት ሐረጉን ዋጠ፤ ሁለተኛው ፈገገ።
ሦስተኛውን ገመድ ላይ ሰቀልኩ።

ረቡዕ በወደቡ ግንብ፣ ከአንበሳ ገሪው ጎን ተለጠፈ።
አንድ ልጅ እጄን ጎተተኝ፣
«ላዛሮ ምን ያሳያል? መግቢያው ስንት ነው?» አለኝ።
ምን ልበለው።

ፊሎሜና ተጠግታ አየች፤ ጣቷ ከፊደል ፊደል ሄደ፣
ሁለተኛዋ ዜታ ላይ ሲደርስ ቆመ።
እኔ መሬት መሬት።
«ይቺኛዋ» አለች፣ «እሱን ትመስላለች»፤
ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ዝናቡ ግን አባርቶ ነበር።