ሻፌታ

ታቦር ትምህርት ቤት፣ ዘጠነኛ «ለ»፣
የመስኮቱ መስታወት ከጥጉ የጎደለ፤
ሚስተር ማዳቫን ገባ ጠመኔውን ይዞ፣
«እሺ» ይሁን «እምቢ»፣ ራሱን ወዝውዞ።

«የአባትዎስ ስም?» አልነው ከኋላ ወንበር።
«ነበረኝ» አለ፣ «ስመጣ ጣልኩት ከባሕር።
ያ ስም ሲጠራ፣ እዚያ በኛ መንደር፣
ድሃው ጥላውን ይሰበስብ ነበር
በኔ ላይ እንዳያርፍ።»
ሳቅን። ፊዚክስ መሰለን፣
ጥላ ክብደት የለውም፣ ምን ያደርጋል ብለን።

ሐሙስ፣ የሐዋሳ ገበያ ሲሞላ፣
ከጨው ተራ ወዲያ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ፣
አርጋቴ ሸክላዋን ደርድራ በጆንያ
ገዢ ትጠብቃለች፣ ያለ መጠለያ።
እናቴ መረጠች፤ ሳንቲሙን መሬት ጣለችው፣
እጅ እጅን እንዳይነካ። አርጋቴ አነሳችው።

ማታ ያው ሻፌታ፣ ጥቁር፣ ወዙ የሚያበራ፣
ሰባት እጅ ገባበት፣ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ በጋራ፤
የሠራው እጅ ብቻ ከገበታው አልተጠራ።

ሰኞ መምህራችን ማሰሮ ታቅፎ፣
አቆመው ከጠረጴዛው፣ በዳስተር ደግፎ።
«ውስጡ ያለው አየር» አለ፣ «ምንድን ነው ዘሩ?
አጥንቱስ? ከደጁ በምን ይለያል አየሩ?
‹እኔ ሌላ፣ አንተ ሌላ› ግድግዳው ነው ያለው፤
ማሰሮው ሲሰበር የቱን ከየቱ ልትለየው?
ነፍስም እንዲሁ ናት።»
ዝም አለ። ከመስኮቱ ማዶ
አንድ አባ ኮዳ ይንጎራደዳል ከጣራው ላይ ወርዶ።
«አያቶቼ ይህን» አለ «ያውቁት ነበር።
በቃላቸው ይደግሙታል፣ ጠዋት ማታ።
አውቀው ነው ጉድጓዱን የከለከሉት።»
ደወል ሆነ። ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፤
ማሰሮው እዚያው ቀረ።

ሮጥኩ ወደ ገበያ፣ ነገርኳት በሙሉ፣
የአየሩን፣ የግድግዳውን፣ ያለውን እንደቃሉ።
አርጋቴ የገንቦ ስንጥቅ እየለሰነች፣
ጭቃው እስከ ክርኗ፣ ሰማችኝ፤ ቀና አላለች።
«ደግ ሰው ነው ያ ሕንድ።
አየሩንስ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም።»
ቀጥላም፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣
«ቆጮ አለኝ፣ በኮባ። ተቀመጥ፣ እንብላ።»

ዞር አልኩ። ከጨው ተራ በኩል
ትመጣለች የእናቴ ጥላ።

ርቦኝ ነበር። ከጠዋት አልቀመስኩም እህል።
«በልቻለሁ» አልኳት።
ሆዴ ጮኸ።
ሁለታችንም ሰማነው።