ኋላ

ልጅ ሳለሁ «አባዬ፣ አንዴ ልንዳው?» ስለው
መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፦ «ዋራ»፤ ኋላ ማለት ነው።
በደሴታችን አፍ ጀርባም ዋራ ነው፣ ነገም ዋራ፤
እኔ ነገን ስጠብቅ የኖርኩት ከጀርባው ጋራ፣
እሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጨርቅ በትከሻው ጥሎ፣
እንደ ሕፃን አፍንጫ ቱቦውን ሲጠርግ፣ እሹሩሩ ብሎ።

ለወንድሜ ለዌንዙ ግን ጢሙ ሳያቀመቅም ቁልፉን ሰጠው፤
ዌንዙም ከጋራዡ ሳይወጣ ከአጎታችን ግንብ ጋር አላተመው።
(ጠባሳው ዛሬም አለ፣ በኋለኛው ፓራውልት በስተግራ፤
በቤታችን ስለዚያ ቀን ማንም አያወራ።)

ዌንዙ ሜልቦርን ገባ። የአባቴም ዓይን ከዚያ ወዲያ ጨለመ።
ቁልፉ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ።
አንድ ጠዋት አወረድኩት። ሰማ፤ ኮሽታውን ያውቃል፤
ዝም ብሎ ዳቦውን በወይራ ዘይት ያጠቅሳል።
ሰጠኝ አልልም። አልከለከለኝም፤ ያው ይበቃል።

ዛሬ ሙሽራ ጭኛለሁ። ሲጂዊ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣
ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ስገባ
አንድ የውሃ ቦቴ ተገትሯል፤ ሾፌር የለ፣ ሰው የለ፤
ከኋላዬ ሠላሳ እንግዳ በሐርና በላብ ተጠቅልሎ ጉድ አለ።
አጥንቱ የእንግሊዝ ጭነት መኪና፣ ገላው የዜይቱን አናጢ ሥራ፣
ስልሳ ዓመት ያለፈው አውቶቡስ፣ በሩ ሲዘጋ ሰፈር የሚጠራ፤
መውጫው አንድ ነው። ኋላ ማርሽ።

የዚህ ማርሽ ጠባይ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ከዘንጉ ራስ ላይ
በአባቴ መዳፍ ተልጦ አልቋል፤ የለበትም የሚታይ።
ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል መርገጥ፤ ከዚያ መታገሥ፣
ውስጥ የሚሾረው ጥርስ እስኪሰክን፣ ትንፋሹ እስኪመለስ፤
ዘንጉን ወደ ላይ ሳብ፣ ወደ ጉልበት፣ ከአንደኛው ማዶ፣
የማይታይ ደፍ አለ፤ እሱን በቀስታ ተራምዶ
ወደ ፊት መግፋት። አዎ፣ ወደ ፊት።
ወደ ኋላ ለመሄድ እጅ ወደ ፊት ይዘረጋል፤
ይህን የነደፈ መሐንዲስ ወይ ቀልዷል ወይ አዝኗል።

ቸኮልኩ። ጥርስ ጥርስን ነከሰ፤ ብረቱ እንደ አውሬ አገሳ፤
ሙሽራዋ አበባዋን ጣለች፤ አንድ ሕፃን ከእንቅልፉ ተነሣ።
የሙሽራው አጎት፣ ኮሌታው አንገቱን ያነቀው፣
«ወንድ ይጠራ» አለ። በስፖኪዮ አየሁት፤ አልረሳው።

ከረዳቱ ወንበር፣ ዱላውን በጉልበቱ መሐል ይዞ፣
አባቴ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ፣ ትንሽ ተክዞ፦
«ሦስት ቁጠሪ። በር አትሰብሪም፤ ቁልፍ ነው የምትቆልፊው፤
የሸሚዝ ቁልፍ። የተኛ ሰው ሸሚዝ፤ እንዳትቀሰቅሺው።»

አንድ። ሁለት።
ሦስት።
ገባ። ድምፅ አልነበረውም፤ መዳፌ ብቻ ሰማ፣
እንደ ጉልበት መገጣጠሚያ፣ ዝቅ ብሎ፣ በጨለማ።

ከዚያ ወረደ። አባቴ፣ ዓይነ ስውሩ፣ ሊመራኝ!
ሠላሳ ሰው ተያየ፤ እኔን ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያዘኝ።
በስፖኪዮ አየዋለሁ፦ ግራ እጁ ግንቡን ይዳብሳል፣
ቀኝ እጁ ቆርቆሮውን፤ በሁለቱ መሐል ይራመዳል።
ሁለቴ ሲመታ «ነይ»፣ አንዴ ሲመታ «ቁሚ» ነው፤
ዐርባ ዓመት ተመላልሶበታል፤ ቢጫውን ድንጋይ በስሙ ነው የሚያውቀው።

ጧ ጧ። ወይዘሮ ጁዲታ ከሰገነቷ የአበባ ማሰሮዋን ሸሸገች።
ጧ ጧ። አንዲት ድመት ከመስኮት ወደ መስኮት ዘለለች።
ጧ።
አንድ ጣት ቀርቶኛል። መሪውን ቀለበስኩ።
ጧ ጧ። ከማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ቀለም ትቼ አለፍኩ።

አደባባይ ስንወጣ ያ አጎት አጨበጨበ፤ ዞሬም አላየሁት።
አባቴ በሩን በእጁ ፈልጎ ወጣ፤ ትንፋሹን ጠበቅሁት።
ተቀመጠ። መዳፉን አሸተተ፤ ዝገትና ኖራ።
«የማርሹ ዘይት ቀጥኗል» አለ፤ «ቀይሪለት፣ ለመኪናሽ።»

ለመኪናሽ።
ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በአንዲት ፊደል ጉሮሮዬ ተዘጋ።

«መቼ?» አልኩት፣ ዝም ላለማለት ያህል።
«መጀመሪያ ሙሽራዋን አድርሺ እንጂ!» አለኝ። «ዋራ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ሦስት ሳልቆጥር አንደኛውን አስገባሁ።
ጮኸ።
ይጩኽ።