ትልምና ስንጥቅ

ከደጀን መናኸሪያ ጀርባ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት፣
ጄኔሬተር ሲያስል፣ ሰልፉ ሲገፋፋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣
«ቀኝ እጅ፣ አራት ጣት፣ ጫን ያድርጉ» እላለሁ ቀኑን ሙሉ፤
አረንጓዴ ታበራለች መስታወቷ፤ ሰዎች ያልፋሉ።

ጋሽ እንየው ጋ ስትደርስ ቀላች።
ደገምን። ቀላች።

መስታወቷን ወለወልሁ፣ ጣታቸውን በውሃ አራስሁ፣
ትንፋሽ፣ ቫዝሊን፣ የሥልጠናውን ዘዴ ሁሉ ጨረስሁ፤
«ጥራት፦ ሠላሳ ሦስት።» ስልሳ ካልሞላ አይገባም።
ስማቸው «እንየው» ነው፤ ማሽኗ ግን አታይም።

«ስንት ዓመት ጠረቡ?»
«አርባ። የዓባይ አፋፉን ነጭ ድንጋይ፣ ለቤት መሠረት፣ ለቅጽር፤
እኔ የጠረብሁት መስሎኝ፣ እሱ ሲጠርበኝ ኖሯል በምሥጢር።»

በሳምንቱ ከማእከል መልስ መጣ፣ የባሰ፦
«ይህ ጣት ብቸና ላይ በሌላ ስም አለ፤ ምዝገባው ፈረሰ።
ተመሳሳይነት፦ ሰባ ሁለት።»
«ሌባ አደረጋችሁኝ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።
ያ ነው ያልተኛሁበት።

ማታ መብራት ሲመጣ፣ የላኩልኝን ሁለት ምስል ጎን ለጎን ዘረጋሁ፣
ጥፍር የምታህለውን ስፍራ ሜዳ እስክትሆን አሳደግሁ።
ጣት ለካ ማሳ ነው።
አንዱ ትልም መሀል ላይ ያበቃል፤ አንዱ ይከፈላል፣ እንደ ደጀን መንገድ፣
ግራው ደብረ ማርቆስ፣ ቀኙ ብቸና እንደሚሄድ።
ማሽኗ የምትቆጥረው ይኸንን ነው፤ ማብቂያና መንታ፤
ግን የሳተ መሮ ያለፈበትን፣ ያልሻረ የጠባሳ ቦታ፣
እንደ ትልም አንብባው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ቆጥራ፣
የብቸናውም ሰው ጣት ላይ ያንኑ አግኝታ
አንድ ሰው አለቻቸው፣ በጠባሳቸው ሥራ።

የአዋበል ገበሬ ልጅ ነኝ፤ የጥቁር አፈር አመል አላጣውም፤
ስንጥቅና ትልም ለዓይን ቢመሳሰልም።
ስንጥቁን በጋ ያመጣዋል፣ ክረምት ይደፍነዋል፤
ትልሙ ግን ከሥር አለ፤ ዝቅ ብሎ ያየ ያገኘዋል።

«ጠባሳውን ከቆጠራ አውጡት» ብዬ ለማእከሉ ጻፍሁ፤
ጋሽ እንየውን አስጠርቼ ሌላ ጣት ጠየቅሁ፦
የግራ እጅ ትንሿን፣ መሮ ሲይዙ ፈንጠር ብላ የምትቆመዋን፣
አርባ ዓመት መዶሻ የሳታትን፣ የሕፃን ጣት የምትመስለዋን።

ስልሳ አንድ።
ከብቸናው ጋር፣ ዘጠኝ።

አረንጓዴውን አይተው ምንም አላሉ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ፣
ደጃፉ ላይ ቆመው ግን ትንሽ አሰቡ፦
«ያ የብቸናው ሰውዬ... እንደኔ ጣቱ የተቆረጠው፣
እሱን ደግሞስ ምን አገኘው?»