ሃምሳና ስልሳ

ሸዋ በር፣ ደረጃው ሥር፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
አንድ ጠባብ ክፍል አለኝ፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ስክሪን።
ሌሊት ነው። ብርዱ ከጦሳ ቁልቁል ሲወርድ፣
የረውዳን ሠርግ አያለሁ፣ ጉልበቴ ሲርድ።

ሙሽራዋ ትስቃለች። ሚዜው ለስላሳ ያነሳል።
ከላይ፣ ከሻሿ ጠርዝ፣ አንድ ጥላ ይመጣል፤
እንደ ጠገበ በሬ፣ ሳይቸኩል፣ ግንባሯን ይረግጣል፤
ዓይኗን፣ አፍንጫዋን፣ የአንገቷን ወርቅ አልፎ
ከእግሯ ሥር ይሰወራል። ደግሞ ይመጣል ተሰልፎ።

ሦስት ሰዓት ቀርጫለሁ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥላ።
አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ግን ዓይኔ ያየው ሌላ፦
ግድግዳው ብርሃን፣ ፊቱ ወዝ፣ ሰዉ ጠግቦ የበላ።

እትዬ ዘይነባ፣ የሙሽራዋ እናት፣ «እስቲ ልየው» ብላ መጣች፤
አየች። ሻሿን አጠበቀች። ቆየች።
«ይሄ በልጄ ፊት የሚመላለሰው ምንድነው?»
«የዕቃ ችግር ነው።»
«ዕቃማ እኔም ቤት አለ። ይሄ ዓይን ነው።»
ዓይንስ ዓይን ነው፤ የማን እንደሆነ ነው ያላወቅነው።

ሌንሱን በአልኮል ጠረግሁ፣ ካርዱን ቀየርሁ፣
ባትሪ ከእብሬ ተዋስሁ፣
የሰካሁትን ነቀልሁ፣ የነቀልሁትን ሰካሁ።
ቀን በረንዳው ላይ ሞከርሁ፦ አንድ ባጃጅ፣ ሁለት ፍየል፣
ጫት ታቅፎ የሚሮጥ ልጅ፤ ሁሉም ጥርት፣ ኩልል።
ማታ፣ በረጅሙ ነጭ መብራት ሥር፣ ያው ጥላ መጣ።
መብራት ሄደ፤ ሻማ ለኮስሁ፤ ጥላው አብሮት ወጣ።

ኮምቦልቻ ወረድሁ፣ ጋሽ ሙሔ ዘንድ፤
ጨርቃ ጨርቅ ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ የጠገነ፣
የቀኝ እጁ ሌባ ጣት በግማሽ የባከነ።
ካሜራውን አላየም። ጣቱን አሳየኝ፦
«ማሽኑ የቆመ መስሎኝ ነው የነካሁት፤
በዚያ ነጭ መብራት ሥር እየሾረ የቆመ ይመስላል፤ አመንሁት።
መብራት ዝም ብሎ የሚበራ ይመስልሃል?
ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤
በሴኮንድ መቶ ጊዜ። ዓይናችን ደግ ነው፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።
ካሜራ ግን ደግ አይደለም። ከየት መጣ ይሄ?»
«ከጅዳ። እህቴ ሉባባ ናት ያመጣችው።»
«አዬ! እዚያማ መቶ ሃያ ጊዜ ነው የሚጠፋው።
ያ አገር በስልሳ ነው የሚተነፍሰው፣ እኛ በሃምሳ፤
ካሜራህ ደሴ ገብቶም ይቆጥራል፣ ጅዳን ሳይረሳ።
አብሽር፤ ሃምሳ ብለህ ንገረው።»

ነገርሁት። አንዲት ቁጥር፣ በአንዲት ጣት።
ጥላው ሳይሰናበት ሄደ።

ረውዳ ግን አንዴ ተድራለች።
ከሦስቱ ሰዓት ፀሐይ ላይ ያለውን፣ ግቢውን፣ መኪናውን ለቅሜ
አርባ ደቂቃ ሰጠኋቸው። «አጠረ» አለች እናቷ፤
የሂሳቡን ግማሽ ከፈለች፣ ሌላውን ቋጠረችው በሻሿ።

ሉባባ ከኋላ ክፍል ነው የምትተኛ።
ከመጣች አምስት ወሯ። አሁንም አሥር ሰዓት ሌሊት ትነሳለች፤
ማንም ሳይጠራት፣ «አቤት» ትላለች።
ካሜራው የሦስት ወር ደሞዟ ነው፤
ብሯን ስትጠይቅ «ይሄን ውሰጂ» የተባለችው።

የድሮውን ካርድ ስከፍት አንድ ቀረጻ ቀርቶበታል፣ የዚያ ቤት ልጅ ልደት፤
ፊኛ፣ ኬክ፣ እብነ በረድ፤ ጥላ የሚባል የለበት።
በግድግዳው መስታወት ጥግ፣ ጥቁር የለበሰች፣
ካሜራውን የያዘች፣
እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሿን የዋጠች።

ከኋላዬ መቆሟን አላወቅሁም።
«እንዴት ጥርት ብሏል» አለች።
ቀጥላ፣ «አጥፋው።»
ቀረጻውን ይሁን መብራቱን፣ አልጠየቅኋት።
ተነስቼ መብራቱን አጠፋሁላት።