ገቢ

መሐል ሜዳ ገበያ፣ ባና ተራ ቆሜ፣
ቅጹን ክንዴ ላይ አጋድሜ፣
«የወር ገቢዎ ስንት ነው?» አልኳቸው
እትዬ ትደነቂያለሽን።

«የቱ ገቢ ልጄ? ጀምበር ናት የምትገባ፤
ብርድም «ቤቶች» ሳይል ይገባል።
የሚገባኝን ግን
ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

ሣጥኑ ጠባብ ነበር፤ «ዜሮ» ብዬ አለፍኩ።
የባናውን ጠርዝ ዳሰስኩ፣
ዋጋ ሳልጠይቅ ዞርኩ።

ዘንድሮ ደብረ ብርሃን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣
ዶክተር ልሳነወርቅ የዓለምን ገቢ ባንድ መስመር ሰቅሎ፣
ከታች፣ ከወለሉ ጥግ፣ አንዲት ነጥብ አሳየ፤
ሹሙ ሁሉ ጻፈ፣
«ወይ ጉድ!» አለ ያየ።
ጭብጨባው ጣራ ነካ።

እኔ አላጨበጨብኩም።
ነጥቧን አውቃታለሁ፤
የበግ ጠጉር ትሸታለች፤
«የሚገባኝ» ላለችው
ቅጼ ሣጥን አልነበረውም።